ከመንገዱ የወጣ ሐሞት

ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይና ህላዌ ያለው ነገር ነውን፣ ወይስ መልካም ሆኖ የተፈጠረው ፍጥረት ከሥርዓቱ ሲናወጥ የሚታይ ጉድለት ነው የሚለው ጥያቄ፣ ፈላስፎችንም ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንንም ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። የማኒ ተከታዮች ጨለማን እንደ ብርሃን ሁሉ ከዘለዓለም የነበረ፣ የራሱ ሥርና የራሱ መንግሥት ያለው አድርገው ሲያስተምሩ፣ የቂሣርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን ስለዚሁ ነገር በደረሰው ድርሳን፣ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ እንዳልሆነ፣ ክፋትም የመልካም መታጣት እንጂ በራሱ የቆመ ፍጥረት እንዳልሆነ፣ ዐይን እንጂ ዕውርነት እንዳልተፈጠረ በማስረዳት መልስ ሰጥቷል። ይህ ትምህርት በጉባኤ ቤት ተቀምጠው ሲሰሙት የሚያረካ ቢሆንም፣ ከሚያቃስት ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሞ ለእናቱ መናገር ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ትምህርቱን በቃል ክርክር ብቻ ከመመዘን ይልቅ በአንድ ደዌ ላይ አሳርፈን ብንመረምረው ይሻላል፤ የመረጥነውም ደዌ፣ ሆዱ ተመቶ የሐሞቱ ቧንቧ የተቀደደ ሕፃን የሚደርስበት ጉዳት ነው።

ሐሞት በጉበት ውስጥ የሚመነጭ፣ መልኩ በቢጫና በአረንጓዴ መካከል የሆነ፣ ጣዕሙም እጅግ የመረረ ፈሳሽ ነው። የአንድ ጎልማሳ ጉበት በአንድ ቀንና ሌሊት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያህል ያመነጫል፤ የሕፃኑም እንደ አካሉ መጠን ያነሰ ነው። ይህ ፈሳሽ ከጉበቱ ማዕዘናት ሁሉ በቀጫጭን ቧንቧዎች እየተሰበሰበ ወደ አንድ ዋና ቧንቧ ይገባል፤ ከፊሉም በሐሞት ከረጢት ቆይቶና ወፍሮ፣ በቆሽት ራስ በኩል አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይፈስሳል። በዚያም የቅባትን ምግብ ፈትቶ ለሰውነት እንዲስማማ ያደርገዋል፤ ኤ፣ ዲ፣ ኢና ኬ የተባሉትም ቪታሚኖች ያለ እርሱ እርዳታ በሚገባ ወደ ደም አይዘልቁም። በመውጫው ላይ እንደ በረኛ የተቀመጠ፣ በጊዜው የሚጠብቅና በጊዜው የሚላላ ቀለበት የመሰለ ጡንቻ አለ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራበትም ሩጄሮ ኦዲ ይህን ጡንቻ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1887 ሲገልጸው ገና በኢጣልያ በፔሩጃ የሚማር የሕክምና ተማሪ ነበር። እንግዲህ ምሬቱን ብቻ ቀምሶ ሐሞትን ክፉ ነው የሚል ሰው፣ የበላው ቅባት ሁሉ በዚያ ምሬት አማካይነት ለሰውነቱ እንደ ተዋሐደለት ያላስተዋለ ሰው ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ሐሞትን ሲያነሡት በአንድ ፊት ብቻ አያሳዩትም። ጻድቁ ኢዮብ የመከራውን ብዛት ሲገልጥ ሐሞቱ በምድር ላይ እንደ ፈሰሰ ይናገራል፤ በጎልጎታ በጌታ ላይ የተሳለቁት ጭፍሮች ሐሞት የተቀላቀለበትን መጠጥ አቀረቡለት፤ በመጽሐፈ ጦቢት ግን ያው ሐሞት፣ ከዓሣ ተወስዶ፣ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር የሽማግሌውን ዐይን የሚያበራ መድኃኒት ሆነ። በአንዱ ሥፍራ ኀዘን፣ በሁለተኛው ጭካኔ፣ በሦስተኛው ፈውስ የሆነው ነገር በባሕርዩ አንድ ነው፤ የተለየው የፈሰሰበት ቦታና የተሰጠበት እጅ ነው።

የጥንት ሐኪሞች ግን ነገሩን በሌላ መንገድ አስበውት ነበር። ከሂጶክራጥስ ትምህርት ተነሥቶ በሁለተኛው መቶ ዘመን በነበረው በጴርጋሞናዊው ገሌን የተስፋፋው፣ ኋላም በኢብን ሲና መጻሕፍት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተዳረሰው የሕክምና ጥበብ፣ ሥጋ በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ሚዛን ይኖራል፣ ሚዛኑ ሲዛባ ይታመማል ብሎ ያስተምር ነበር። የእኛም ሊቃውንት ሥጋን ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ከአራቱ ባሕርያት የተዋሐደ አድርገው ማስተማራቸው ከዚህ አስተሳሰብ ብዙ አይርቅም። በዚያ ሚዛን የሚታመን ሐኪም ሐሞት በዝቷል ባለ ጊዜ የሚያደርገው በደም ማውጣት፣ በማስመለስና በማስቀመጥ የበዛውን ማስወገድ ነበር። የተቀደደው ቧንቧ ግን ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል፤ የዚያ ሕፃን ሐሞት በመጠኑ አልበዛም፣ በባሕርዩም አልተበላሸም፤ ትናንት ከነበረው በምንም አይለይም። ያጣው ነገር መንገዱን ብቻ ነው።

የሕፃናት ሆድ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠበትን ምክንያት ማወቅ ተገቢ ነው። የጎድን አጥንቶቻቸው ለጋ ስለ ሆኑ በምት ጊዜ ቶሎ አይሰበሩም፤ ይጎብጣሉ እንጂ፤ በመጉበጣቸውም ኃይሉን ሳያበርዱ ለጉበት ያስተላልፉታል። ጉበታቸውም ከአካላቸው ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ የሚሸፍነው ጡንቻና ስብም ስስ ነው። መኪና የገጨው፣ ከዛፍ የወደቀ፣ የብስክሌት መሪ ሆዱን የወጋው፣ ወይም የጋማ ከብት የረገጠው ልጅ፣ ቆዳው ሳይቆረጥ ጉበቱ በውስጥ ሊሰነጠቅ፣ በስንጥቁም ውስጥ ያሉት የሐሞት ቧንቧዎች ሊከፈቱ ይችላሉ። ከጉበት ውጭ ያለው ዋናው ቧንቧ የሚጎዳው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ እርሱም በታች በኩል ከቆሽት ጋር ተጣብቆ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ጉበቱ በምቱ ኃይል በድንገት ወደ ላይ ሲሳብ በተያዘበት ሥፍራ አጠገብ ይበጠሳል።

ደግነቱ አብዛኛው የሕፃናት የጉበት ቁስል ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1968 ከካናዳ ከቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የወጣ ጽሑፍ ጣፊያቸው የተጎዳ ልጆች ሁሉ መቀደድ እንደማያስፈልጋቸው ካሳየ ወዲህ፣ ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ወደ ጉበትም ተሸጋግሯል፤ ዛሬ የደም ግፊቱና የልቡ ምት የጸና ልጅ ጉበቱ ቢሰነጠቅም እንኳ በአልጋ ተኝቶ፣ በቅርብ እየታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀደድ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐሞት የሚያፈስሱት ከነዚህ ልጆች ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጥቂት በመሆናቸውም በቀላሉ ይዘነጋሉ።

በአንድ የደጋ መንደር የሚኖር የስምንት ዓመት ብላቴና በቅሎ ረገጠችው እንበል። ለአንድ ሌሊት ያቃስታል፤ በማግሥቱ ጥቂት ሾርባ ይቀምሳል፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ከደጅ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡም ተመስገን ብሎ ነገሩን ይረሳል። ከጉበቱ ስንጥቅ የሚወጣው ሐሞት ግን ጀርም ያልገባበት ስለ ሆነ በመጀመሪያ የሚያስቆጣው በመጠኑ ነው፤ በዝምታ እየተንጠባጠበ በአንጀቶቹ መካከል ይጠራቀማል። ሳምንት፣ ምናልባትም ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሆዱ ይነፋል፤ ምግብ ይጠላል፤ ያስመልሰዋል፤ ትኩሳት ይጀምረዋል፤ የዐይኑ ነጭ ይቢጫል፤ ሽንቱ እንደ ጠላ ይጠቁራል፤ ዋናው ቧንቧ ተበጥሶ ከሆነም ሰገራው ይነጣል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ስም አለ፤ የወፍ በሽታ ይባላል። የወፍ በሽታ ቅጠል የምታውቅ ሴት ትጠራለች፤ የሆዱን መነፋት ያየ ደግሞ ወጌሻ ይምጣና ይሽው ይላል። ወጌሻው የወለቀ አጥንት በመመለስ የታመነ እጅ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል፤ የተሰነጠቀ ጉበት ያለበትን ሆድ ማሸት ግን ቁስሉን ዳግመኛ መክፈት ነው። የዐይኑን መቢጨትና የበቅሎዋን እርግጫ አያይዞ የሚጠይቅ ሰው ባለመኖሩ፣ ምክንያቱ ከውጤቱ ተለይቶ ይቀራል።

ጉዳትን አውቆ መለየት ለዚህ ደዌ የመድኃኒቱ እኩሌታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአልትራሳውንድም ሆነ በሲቲ ስካን የሚያይ ሐኪም በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ይረዳል፤ ፈሳሹ ደም ይሁን ሐሞት ግን ምስሉ ብቻውን በእርግጠኝነት አይነግረውም። ቀጭን መርፌ አስገብቶ ጥቂት ሲቀዳ አረንጓዴ የሆነ ፈሳሽ ቢወጣና በውስጡ ያለው የሐሞት ቀለም ከደሙ በልጦ ቢገኝ፣ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል። ከዚህም የረቀቀ መንገድ አለ፤ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር ሰጪ ነገር ከሐሞት ጋር የሚወጣ መድኃኒት ውስጥ ተደርጎ በደም ሥር ይሰጣል፤ ጉበቱም ይቀበለውና ከሐሞቱ ጋር ያፈስሰዋል። ልጁ በካሜራው ሥር ተኝቶ ሳለ፣ በምስል ማሳያው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ ብርሃን ከጉበት ወርዶ ወደ አንጀት መግባት ሲገባው፣ ወደ ጎን ተስቦ በጉበቱ ጫፍ ሥርና በሆዱ ዳር ዳር ይንጣለላል። በኤም.አር.አይ ደግሞ ቧንቧው የት እንደ ተቋረጠ ያለ ምንም መቁረጥ ማየት ይቻላል። ክፋትን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ምርመራ ነው፤ የጎደለው ነገር በራሱ አይታይምና፣ የሚታወቀው መልካሙ ሊደርስበት ከሚገባው ሥፍራ ሳይደርስ መቅረቱን በመከታተል ነው።

አሁን ወደ ፈውሱ እንድረስ፤ የነገሩ ዋና ምሥጢር ያለው በዚህ ነውና። የመጀመሪያው ሥራ የተጠራቀመውን ሐሞት በቆዳ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ጀርም ገብቶበት እንደ ሆነም በመድኃኒት መከላከል ነው። ይህ ብቻ ግን የፈሰሰውን ያነሣል እንጂ የሚፈስሰውን አያቆምም፤ ምንም እንኳ ትንንሾቹ ስንጥቆች በዚሁ ብቻ እየጠበቡ የሚዘጉ ቢሆንም። ለሚፈስሰው የተገኘው መላ በሌላ በኩል መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ማኩን ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከአፍ ገብቶ በጨጓራ አልፎ ትንሹ አንጀት በሚደርስ መመልከቻ የሐሞቱን መውጫ አግኝቶ ቀለም ማስገባት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1974 ደግሞ በጀርመንና በጃፓን የነበሩ ሐኪሞች በዚያው መንገድ ገብተው የበሩን ጡንቻ በጥቂቱ መቁረጥ እንደሚቻል አስታወቁ፤ ከዚያም ስቴንት የሚባለውን ትንሽ ቱቦ በመውጫው ላይ ማስቀመጥ ተከተለ። ይኸው ጥበብ በልዩ ጥንቃቄና በሙሉ ማደንዘዣ ለሕፃናትም ይደረጋል፤ ከአደጋም ፈጽሞ ነጻ አይደለም፣ ቆሽትን የሚያስቆጣበት ጊዜ አለና።

ይህ ቱቦ የሚሠራውን ሥራ በትኩረት የሚያስተውል ሰው ይደነቃል። ብዙ ጊዜ ቱቦው የተቀደደውን ሥፍራ አይነካውም፤ ቀዳዳው ከላይ በጉበቱ ውስጥ ሲሆን፣ ቱቦው የሚቀመጠው ከታች በበሩ ላይ ነው። ኦዲ የገለጸው ጡንቻ ጠብቆ ሳለ ሐሞቱ በቀናው መንገድ ለመውጣት ግፊትን ማሸነፍ ነበረበት፤ በስንጥቁ በኩል ግን የሚከለክለው አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ ቀለለው አዘነበለ። በሩ ሲከፈትለት ቀለል ያለው መንገድ የቀናው መንገድ ይሆናል፤ ቦዩ የተጠረገለት የመስኖ ውሃ የጣሰውን ዳር ትቶ ወደ ቦዩ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ሐሞቱም ወደ አንጀቱ ይመለሳል፤ የሚያፈስሰው ያጣ ስንጥቅም በራሱ ጊዜ ይሽራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቱቦው ይወጣል፤ በሕፃኑም ሰውነት ውስጥ ምንም ባዕድ ነገር አይቀርም። ሐኪሙ ሐሞቱን አልገደለውም፤ ከፈጣሪ የተሰጠውን ግብር አልነሣውም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ወደ ቦታው መመለስን ቀላል ማድረግ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ የተናገረው እውነት ከሆነ፣ ክፋት ባሕርይ የሌለው ጉድለት ከሆነ፣ ፈውሱም እንደዚሁ መሆን አለበት፤ የሌለን ነገር በሰይፍ መቁረጥ አይቻልምና፤ የሚቻለው መልካሙ የሚመለስበትን በር መክፈት ነው። በሰው ምግባርም ላይ ብናየው ከዚህ አይርቅም፤ ቁጣን ከልጅ ልብ ነቅሎ ለማውጣት የሚደበድብ አባት ልጁን ፈሪ ያደርገዋል፤ ያንኑ ቁጣ ለተበደለ ወደ መቆርቆር የሚመራ አባት ግን ልጁን ጻድቅ ፈራጅ ያደርገዋል።

ነገር ግን ትምህርቱን ከሚገባው በላይ አናቅልለው። ዋናው ቧንቧ ፈጽሞ የተበጠሰ እንደ ሆነ በር መክፈት አይበቃም፤ ወደ በሩ የሚያደርስ መንገድ የለምና። በዚህ ጊዜ ቀዳጁ ሐኪም መጀመሪያ ሐሞቱን ወደ ውጭ አፍስሶ፣ የተቆጣው ሆድ እስኪበርድ ታግሦ፣ ልጁን መግቦ፣ ደሙ እንዲረጋም ቪታሚን ኬ ሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የስዊሱ ቀዳጅ ሐኪም ሴዛር ሩ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባሳወቀው ዘዴ የትንሹን አንጀት አንድ ክንድ አንሥቶ ከጉበቱ ሥር ካለው የቧንቧ አፍ ጋር ይሰፋዋል። አዲስ መንገድ ይሠራል፤ ሆኖም አዲሱ መንገድ እንደ ጥንቱ አይሆንም፤ ስፌቱ ከዓመታት በኋላ ሊጠብ፣ ሐሞቱ ሊታገድ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊመለስ ስለሚችል፣ ልጁ አድጎም ቢሆን ከሐኪም ዐይን መራቅ የለበትም። እንግዲህ ጉድለት የሆነ ነገር ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ባሕርይ የሌለው ክፋት ለዘለዓለም የሚኖር ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀራል። አንዲት አያት ለነፍስ አባቷ፣ «አባ፣ እኛስ ኃጥአን ነን፤ ይህ ሕፃን ግን ምን በደለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሐሞቱ መንገዱን ስቶ ነው የሚለው መልስ አያረካትም፤ እርሷ የጠየቀችው የሆነው ነገር እንዴት እንደ ሆነ አይደለምና። አስተዋይ የሆነ አባትም «ልጄ፣ በበደል የመጣ ነው የሚልሽን አትስሚ» ይላታል፤ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ ሁለቱንም እንዳልተቀበለ ያስታውሳታል። ያ ታሪክ ሲነበብ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጌታ ስለ ሰውዬው ያለፈ ዘመን ከዚህ ሌላ ሐተታ አለመስጠቱ ነው፤ በቀን ሊሠራ ስለሚገባው ሥራ ተናገረ፣ ጭቃ ሠርቶ ቀባው፣ ወደ ሰሊሆምም ላከው። ለምን ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ እጅና መንገድ ሆነ። የባስልዮስም ትምህርት የሚጠቅመው በዚህ መጠን ነው፤ ስለ አንድ ሕፃን ሥቃይ ሒሳብ አያወራርድም፤ ነገር ግን ሥቃዩ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ብሎ እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ የሚያመች ምክንያት ይነሣናል።

ባስልዮስ ራሱ ይህን በሥራ ያሳየ አባት ነበር። በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድውያንና ለድኆች ታላቅ ማረፊያ ሠራ፤ ለመነኮሳት ባወጣውም ሥርዓት፣ በሕክምና መጠቀም ከአምልኮ ጋር ይስማማልን የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ ይስማማል፣ ነገር ግን ተስፋ ሁሉ በሐኪም ላይ ብቻ አይጣል ብሎ አስተምሯል። እርሱም በጉበት ሕመም ብዙ ዘመን የተሠቃየ ሰው ስለ ነበረ፣ አንድ ሹም ጉበትህን እዘረግፈዋለሁ ብሎ ባስፈራራው ጊዜ፣ ባለበት ሥፍራ ሆኖ እያስቸገረኝ ነውና ውለታ ትውልልኛለህ ብሎ እንደ መለሰለት ይነገራል። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበርን፣ በሕመም ጊዜ መጸለይን፣ ከዚያም ለሐኪም ቦታ መስጠትን በአንድነት ያዛል። ጠበል የሚወስድና ሐኪም ቤት የሚወስድ እጅ እንዲጣሉ ያደረገ መጽሐፍ የለም፤ ለልጁ የሚጸልይ ሰው ጸሎቱን ሳያቋርጥ በጊዜ ወደ ሐኪም ሊያደርሰው ይችላል፤ ጉዳቱ በየቀኑ የሚጠራቀም ነውና፣ ጊዜ ማሳለፉ ብቻ ነው የሚጎዳው።

በመጨረሻም ትምህርቱ ከሕፃኑ ሆድ ወጥቶ ወደ እኛ ይመጣል። ሐሞትን ወደ ቦታው የሚመልሰው ዕውቀት በዓለም ላይ አለ፤ መሣሪያውም ባለሙያውም አለ፤ በአገራችን ግን በጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ስለ ተወሰነ፣ በቅሎ ከረገጠችው ብላቴና እስከ ሐኪሙ ያለው ርቀት ረጅም ነው። መልካም የሆነው ነገር ከሚፈለግበት ሥፍራ ሳይደርስ ሲቀር ክፋት ይባላል ካልን፣ በከተማ ተጠራቅሞ ወደ ገጠር ያልደረሰ ጥበብም በዚሁ ስም መጠራት አለበት፤ የጤና ኬላ ሠራተኛዋ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ባየች ቁጥር፣ «በዚህ ወር ሆዱን የመታው ነገር አለ ወይ፣ እናቴ?» ብላ እንድትጠይቅ ካልተማረች፣ በልጁ ላይ የጎደለውን በእኛ ላይ ከጎደለው መለየት ያስቸግራል። የበቅሎዋን እግር ማንም አስቀድሞ ሊያግደው ላይችል ይችላል፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ከመንደሩ ማድረስ ግን ለሰው የተሰጠ ሥራ ነው፤ ሳይደርስ በቀረበት መጠንም ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።